የሆንዳ ፊት አሎይ ቸርኬ ለቪትዝ፦ ቀዳዳው ገጥሟል፣ የቀረውስ?

ቪትዝ04

ሰላም ቤተሰብ። የ2004 ቪትዝ አለኝ፣ የመጀመሪያው ቅርጽ። የብረት ቸርኬ ነው ያላት። ጎማው 175/65 አር 14 ነው (ስፋቱ 175 ሚሊ፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች)። የፕላስቲክ ሽፋኖቹ ሁለቱ ተሰርቀዋል፣ የቀሩት ሁለቱም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ሶማሌ ተራ አንድ ሱቅ ውስጥ ከሆንዳ ፊት (ፊት የመኪናዋ ስም ነው) የወጣ የፋብሪካ አሎይ አየሁ። አራት ሙሉ፣ 15 ኢንች። ጀርባው ላይ 15 በ 5 ተኩል ጄ (ቁመትና ስፋቱ በኢንች)፣ ኢቲ 50 ይላል። የኔ ብረት ደግሞ 14 በ 5 ተኩል ጄ፣ ኢቲ 45 ይላል። ሻጩ «ያንተም 4 በ 100፣ ይሄም 4 በ 100፣ ዝም ብለህ እሰር» ይለኛል። አንዱን በካርቶን ላይ ቀዳዳውን ስዬ ከኔ ጋር አመሳከርኩት፣ ልክክ ብሎ ገጠመ።

ግን ልቤ አልረጋም። ሆንዳን በቶዮታ ላይ ያሰረ ሰው አለ? ቀብድ አልከፈልኩም።

ጌጃ_ሰፈር

ቀዳዳው ከገጠመ ጣጣው ምንድን ነው? የጎረቤቴ ቪትዝ ከምን እንደወጣ የማይታወቅ ቸርኬ አስሮ ሐዋሳ ደርሶ ይመለሳል። እሰርና ንዳ ወንድሜ።

ቶርኖው

ጌጃ ሰፈር፣ ጎረቤትህ ምን እንዳሰረ ካላወቅን ከሱ የምንማረው የለም።

ቪትዝ04፣ ሻጩ አልዋሸህም። ቪትዝ 4 በ 100 ነው፣ ሆንዳ ፊትም እንደዚያው። አራት ቡሎን፣ ከአንዱ መሐል ትይዩው ካለው መሐል 100 ሚሊ ሜትር። ግን ይሄ መግቢያው ነው። ገና የመሐሉ ቀዳዳ አለ፣ ኢቲ አለ (ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ እንደሚቀመጥ)፣ የዳዶው መቀመጫ አለ (ዳዶው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ጉድጓድ)። ሰው ሁሉ የሚረሳው የዳዶውን መቀመጫ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው።

መጀመሪያ የመሐሉ ቀዳዳ። የቪትዝ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ ወጣ ያለችው ክብ 54.1 ሚሊ ናት። የሆንዳው ቸርኬ የመሐል ቀዳዳ 56.1 ነው። ስለዚህ ይገባል፣ ግን በዙሪያው 1 ሚሊ ክፍተት ይተርፋል። ቀለበት ያስፈልገዋል፣ ውስጡ 54.1፣ ውጪው 56.1። ተቃራኒው ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም የቪትዝ ቸርኬ ለፊት ቢፈለግ፣ ቸርኬው ሞዞው ላይ ተቀርቅሮ ይቀር ነበር፤ ካላስፋኸው አይገባም። ሰፊ ቀዳዳ በጠባብ ሞዞ ላይ በቀለበት ይታረቃል። ጠባብ ቀዳዳ በሰፊ ሞዞ ላይ ግን ቶርኖ ቤት ነው የሚያስኬድህ። እኔ ብዙ ጊዜ እምቢ ብዬ እመልሳለሁ።

አሁን ዳዶው። የቶዮታህን ዳዶ ፍታና ጫፉን እየው። ሾጣጣ ነው፣ 60 ዲግሪ። የሆንዳ የፋብሪካ ቸርኬ ደግሞ የዳዶው መቀመጫ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ የተጎደጎደ ነው። ሾጣጣውን እዚያ ውስጥ ብታስገባው ይጠብቃል። መኪናዋም ትሄዳለች። ግን ዳዶውና ቸርኬው የሚነካኩት በቀጭን መስመር ብቻ ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ እዚያ መስመር ላይ ይበላል። ሲበላ ዳዶው ይላላል። የጌጃ ሰፈር ጎረቤት ቪትዝ ሐዋሳ ሄዶ መመለሱ የማያስገርመኝ ለዚህ ነው፤ ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ቶዮታም ሆንዳም የቡሎናቸው ጥርስ አንድ ነው፣ ኤም 12 በ 1.5 (ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ)። ስለዚህ የሆንዳውን የራሱን ዳዶ 16ቱንም ከቸርኬው ጋር አብረህ ከሻጩ ተቀበል። በቪትዝህ ቡሎን ላይ በእጅህ ገብቶ ይዞራል። ሻጩ «ዳዶው የለም» ካለህ ዋጋውን ቀንስበትና ሌላ ቦታ ፈልግ።

ቪትዝ04

ጋሽ ቶርኖው እግዜር ይስጥልኝ። ዳዶ ዳዶ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሻጩ ጋ ዳዶ በጆንያ አለ፣ ግን የተደባለቀ ነው። የሆንዳውን እንዴት ነው የምለየው?

ጎሚስታ_ልጅ

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፤ አባቴ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጎሚስታ ነበር፣ ዳዶ እየለየሁ ነው ያደግኩት።

የሆንዳ ዳዶ በ19 ቁጥር መፍቻ ይፈታል፣ የቶዮታህ በ21። ይሄ አንደኛ ምልክትህ። ከዚያ ጫፉን በጣትህ ዳብሰው። የቶዮታው እንደ እርሳስ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ የሆንዳው ሆዱ ያበጠ ነው።

ከዚያ ጆንያ ውስጥ ዝም ብለህ እንዳትዘግን። ኒሳንና ሱዙኪ ጥርሳቸው 1.25 ነው። መጠኑ ስለሚመሳሰል በዓይን አይለይም። ቡሎንህ ላይ ትንሽ ይዞርና ይነክሳል። አንዳንዱ ሠራተኛ «ዝጎ ነው» ብሎ ቱቦ ጨምሮ ያስገድደዋል። ያኔ ቡሎኑ አለቀለት። መመሪያዬ ይሄ ነው፦ አንድ የቪትዝህን ዳዶና አንድ ቡሎን ይዘህ ሂድ፣ እያንዳንዱን ዳዶ ቡሎኑ ላይ በባዶ ጣት እስከ መጨረሻው አዙር። በጣት የማይሄድ ዳዶ አትግዛ።

ቸርኬውን ራሱን ደግሞ ሳታጣራ አትግዛ። ፊቱ የሚያምር ቸርኬ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ገልብጠው። ከውስጥ በኩል ጎማው የሚቀመጥበትን ጠርዝ ዙሪያውን በጣትህ ዳብስ። የከተማችን ጉድጓድ የሚመታው የውስጡን ጠርዝ ነው፣ ሰው ደግሞ የሚያየው የውጪውን ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ፣ ትንሽ እብጠት፣ የተሞረደ ነገር ካገኘህ በአርጎን የተበየደ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ላይ ትንሽ ብየዳ አንዳንዱ ችሎ ይሄዳል። እግሮቹ ወይም የቡሎኑ ዙሪያ ላይ ብየዳ ካየህ ግን ያ ቸርኬ ለምናለሽ ተራ ነው።

በመጨረሻ ጎማ ሳይገባበት ባላንስ ማሽን ላይ አስዙረው። ጎሚስታው ትንሽ ሻይ ብለህ ብትሰጠው እምቢ አይልም። የሚወዛወዝ ከሆነ በዓይንህ ታየዋለህ።

ኢንጅነሩ

ቶርኖው ያለው በአብዛኛው ልክ ነው፣ ቀለበቱ ላይ ግን የተጋነነ መሰለኝ። መኪናውን የሚሸከመው የመሐሉ ቀለበት አይደለም። ዳዶዎቹ ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር አጣብቀው ሲይዙት የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ቀለበቱ ፕላስቲክ ቢሆን እንኳ ይሠራል የሚባለው ለዚሁ ነው፤ ፕላስቲክ መኪና አይሸከምማ። ሾጣጣ ወይም ኳስ ዳዶ ቸርኬውን ራሱ ወደ መሐል ይስበዋል። ስለዚህ በትክክል ከታሰረ ያለ ቀለበትም ይኬዳል።

ቶርኖው

ሸክሙን በተመለከተ እስማማለሁ። ቀለበቱ ሸክም ይሸከማል አላልኩም።

ግን «በትክክል ከታሰረ» የምትላት ቃል ብዙ ነገር ተሸክማለች። አንተ የምትለው መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ አራቱም ዳዶ በእጅ ተጀምሮ፣ ትይዩ ለትይዩ ቀስ በቀስ ሲጠብቅ ነው። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ማንኛውም ጎሚስታ ጋ ሂድና ቆመህ ተመልከት። አንዱን ዳዶ በአየር መፍቻ እስከ መጨረሻው ያጠብቀዋል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዳዶ ቸርኬውን ወደ አንድ ወገን ከያዘው በኋላ ሌሎቹ ይከተሉታል እንጂ አይመልሱትም። ውጤቱ መሪ የሚመታ መኪና ነው። ባለቤቱ ባላንስ ያስደርጋል፣ ያው ነው። አላይመንት ያስደርጋል፣ ያው ነው። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣል።

ቀለበቱ ከሠራተኛው ችኮላ ያድንሃል። ስንት ብር ነውና ይቀር?

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ የራሴን ገበያ የሚጎዳ ቢሆንም። የዚህ ቀለበት ግድግዳ 1 ሚሊ ብቻ ነው። ከአሉሚኒየም በቶርኖ እሠራለሁ፣ ግን ቀጭን ስለሆነ ሲያዝ ይጣመማል፣ ቆይቶም ከሞዞው ጋር ዝጎ ይጣበቃል። የተዘጋጀ ፕላስቲኩን ካገኘህ እሱን ግዛ። ካላገኘህ ቴፍሎን አምጣና እሠራልሃለሁ። ከማስገባትህ በፊት ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፤ በ20 ዓመት ዝገት ላይ ምንም ቀለበት አይገባም።

ኢንጅነሩ

በአየር መፍቻው ነገር ተሸነፍኩ። ትናንት ብቻ ያየሁት ነው።

ማጥበቂያውን ግን በቁጥር እንነጋገር። ቶዮታ ለቪትዝ የሚሰጠው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ገደማ ብትጫን ማለት ነው። 1 ሜትር ቱቦ ጨምሮ ጫፉ ላይ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቆምበት ወደ 690 ይደርሳል። ስድስት እጥፍ ከግማሽ በላይ። ቡሎኑ ይለጠጣል፣ በአሎይ ላይ ደግሞ መቀመጫው ይጨፈለቃል። «ጥብቅ አርገው፣ ጥብቅ» እያልን የምናዝዘው እኛው ነን እኮ።

ጋሽ_ላዳ

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ጨዋታችሁ ደስ አለኝና ልጻፍ።

እኔ ፒያሳ ለብዙ ዓመት ላዳ ታክሲ ሠርቻለሁ፣ ሰማያዊና ነጩን። የላዳ ቀዳዳ 4 በ 98 ነው። ፊያትም እንደዚያው ነው፣ ላዳ መሠረቱ ፊያት አይደል። አንድ ዘመን አሎይ የማሰር ፋሽን መጣና የታክሲ ልጆች የቶዮታ 4 በ 100 ቸርኬ ያስሩ ጀመር። «2 ሚሊ ምን አላት» እያሉ። ሦስቱ ቡሎን ይገባል፣ አራተኛው በግድ ጥግ ጥጉን ይዞ ይገባል። ደግሞ ላዳ ዳዶ የለውም፤ ቡሎኑ ራሱ ነው ከውጪ ሞዞው ውስጥ የሚገባው። ጠማማ የገባ ቡሎን አንገቱ ላይ ይደክማል።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቸርችልን ሲወርድ የግራ የፊት ጎማው ወልቆ ቀድሞት የሄደ ልጅ አውቃለሁ። ጎማው ከመኪናው በፊት ቴዎድሮስ አደባባይ ደረሰ ብለን ስንስቅ ኖረናል። ሰው አልነካም እንጂ የሚያስቅ አልነበረም።

ስለዚህ ልጄ ቪትዝ04፣ ያንተ ሁለቱም 4 በ 100 ነው፣ ተመስገን በል።

ጌጃ_ሰፈር

ጋሼ ይሄን ሲሰሙማ እኔም የራሴን ልፈትሽ ነው። ለነገሩ የኔ የፋብሪካው ነው፣ ግን በኋላ ስወጣ ዳዶውን ልንካው።

ካዛንቺስ_አይዲ4

ሰላም ለሁላችሁ። ከርዕሱ ትንሽ ብወጣ ይቅርታ። እኔ የቻይናው ፎልክስዋገን አይዲ 4 ነው የምነዳው፣ ኤሌክትሪክ። አንዱ ቸርኬዬ ከኮሪደሩ አዲስ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ። የሱ ቸርኬ እንደ ልብ አይገኝም። አንድ ደላላ የመርሴዲስ አምጥቶልኛል፣ ሌላው ደግሞ የሂዩንዳይ ቱሳን፣ «አምስት ቀዳዳ ነው እህቴ፣ ልዩነቱ 2 ሚሊ ነው» ብሎ። የጋሽ ላዳን ታሪክ ሳነብ ደነገጥኩ።

ቶርኖው

እህቴ፣ መደንገጥሽ ደግ ነው።

የአንቺ 5 በ 112 ነው። ቱሳን 5 በ 114.3 ነው፣ ከብዙ ቶዮታ፣ ኒሳንና ሚትሱቢሺ ጋር አንድ። አምስት ቀዳዳ በሜትር ለመለካት ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ትይዩ ቀዳዳ የለውም። ዘዴው ከአንዱ ቀዳዳ መሐል ጎኑ እስካለው መሐል ለክቶ በ1.701 ማባዛት ነው። ለ112 የሚመጣልሽ 65.8 ሚሊ ነው፣ ለ114.3 ደግሞ 67.2። የደላላ ሜትር 1.4 ሚሊ አያሳይም። ቨርኒየር ያስፈልጋል። የቱሳኑን እርሺው።

መርሴዲሱ በርግጥ 5 በ 112 ነው። የመሐሉ ቀዳዳ 66.6፣ የአንቺ ሞዞ 57.1፤ ወፍራም ቀለበት ይሠራለታል፣ ይሄ ቀላሉ ክፍል ነው። መቀመጫውም የሁለቱም ኳስ ነው። ግን ኳሱ አንድ ዓይነት አይደለም። የፎልክስዋገን ራዲየሱ 13 ሚሊ ነው፣ የመርሴዲስ እንደ ዘመኑ 12 ወይም 14። ስለዚህ ለመርሴዲስ ቸርኬ የሚሆን ኳስ ያለው ቡሎን መፈለግ አለብሽ፣ ርዝመቱም ለአንቺ ሞዞ የሚበቃ። አጭር ከሆነ በቂ ጥርስ አይዝም፣ ረጅም ከሆነ ከጀርባ ወጥቶ የሚነካው ነገር ሊኖር ይችላል።

ኢንጅነሩ

እኔ የምጨምረው ክብደቱን ነው። አይዲ 4 ባዶውን 2 ቶን ያልፋል፣ ባትሪው ብቻ ወደ ግማሽ ቶን ነው። ቸርኬ የሚችለው ጭነት አለው፣ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ በኪሎ ተቀርጾ ይገኛል። የመኪናሽ የአንድ አክሰል ከፍተኛ ጭነት በር አካባቢ ያለው ጽሑፍ ላይ አለ፤ ለሁለት አካፍይው። ቸርኬው ከዚያ በታች ከሆነ ውበቱን አትይው። ከትንሽ መርሴዲስ የወጣ ቸርኬ ለዚህ መኪና ላይበቃ ይችላል።

ደግሞ ብዙዎቹ አይዲ 4 ከፊትና ከኋላ የጎማ ስፋታቸው ይለያያል፣ ከፊት 235፣ ከኋላ 255። የተሰነጠቀው የትኛው ነው?

ካዛንቺስ_አይዲ4

የኋላው ነው፣ ቀኝ። አመሰግናለሁ። ለአንድ ቸርኬ አራት መግዛት ሊሆንብኝ ነው ማለት ነው። የራሱን ማፈላለግ ይሻለኛል። መኪናው እስከዚያ ቆሞ ይጠብቅ።

ዲዛየር_ራይድ

አጭር ጥያቄ። ሱዙኪ ዲዛየር ነው የምሠራበት። የቪትዝ የፋብሪካ ቸርኬ ይሆነዋል?

ጎሚስታ_ልጅ

ይሆናል። ሁለቱም 4 በ 100፣ መሐሉም ሁለቱም 54.1፣ ቀለበት እንኳ አያሻውም። ዳዶህን ግን እንዳትቀይር። የሱዙኪ 1.25 ነው ብያለሁ፤ የቪትዙን ዳዶ ብታስገባ ያበላሸዋል። ቸርኬው የቪትዝ፣ ዳዶው የራስህ። የዳዶህ ጫፍ የቸርኬው መቀመጫ ላይ በደንብ ማረፉንም እይ፤ አንዳንድ የቶዮታ አሎይ ሾጣጣ ሳይሆን ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ዳዶ ነው የሚወስደው። ኢቲውንም አንብብ።

ቪትዝ04

ኢቲ ካላችሁ አይቀር፣ እሱ ላይ ማንም አልመለሰልኝም። የኔ 45፣ የሆንዳው 50። ይሄ ምን ያመጣል?

ኢንጅነሩ

ኢቲ ማለት የቸርኬው መታሰሪያ ፊት ከስፋቱ መሐል ምን ያህል ወደ ውጪ እንደራቀ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀንስ ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። ያንተ ስፋቱ ስላልተለወጠ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 5 ሚሊ ወደ ውስጥ ይገባል። ጎማውንም ከ175 ወደ 185 ካሰፋኸው በየጎኑ ሌላ 5 ሚሊ ይጨመራል። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ወደ 10 ሚሊ ወደ አሞርተሩ ይጠጋል። ከውጪ በኩል ምንም አልተለወጠም፣ 5 ገባ 5 ወጣ።

10 ሚሊ ቦታ እንዳለህ በጣት መለካት ትችላለህ። ጎማህ አሁን ታስሮ እያለ በጎማውና በአሞርተሩ መካከል ጣትህን አስገባ። አንድ ጣት በነፃነት ከገባና ከተረፈ ችግር የለም።

የማስጠነቅቀው በተቃራኒው የሚሄዱትን ነው። 6 ጄ ኢቲ 38 ብታስር ጎማው ወደ ውጪ ከ13 ሚሊ በላይ ይወጣል። ቸርኬው በመስፋቱ 6.35፣ በኢቲው 7። አራት ሰው ጭነህ ማቀዝቀዣ ጉብታ ስታልፍ ፓራፋንጎውን ሲፍቅ ትሰማዋለህ። ኩሽኔታውም በረጅም ጊዜ አይወደውም።

ቶርኖው

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጎማ ሳታስገባበት ባዶውን ቸርኬ ሞዞው ላይ አስረህ በእጅ አዙረው። የፊቱን ሞዞ፣ በሁለቱም ጎን። 15 ስለሆነ ከፍሬን ካሊፐሩ ከፍታ ጋር አይጋጭም፣ ግን የአንዳንዱ ቸርኬ እግር ከውስጥ ወደ ካሊፐሩ ያብጣል። የልጆች ፕላስቲሲን ካሊፐሩ ላይ ለጥፈህ ብታዞረው ስንት ሚሊ እንደቀረ ያሳይሃል። ጎማ ከገባበት በኋላ ግን ሻጭ አይመልስም።

ቪትዝ04

ሄድኩ። ልዘርዝርላችሁ።

ቨርኒየር ይዤ ስገባ ሻጩ ሳቀ። «አንተ ደግሞ ጥርስ ልትነቅል ነው?» አለኝ። የመሐሉ ቀዳዳ ልክ እንደተባለው 56 እና ትንሽ መጣ። ከአራቱ አንዱ ከውስጥ ጠርዙ ላይ የተሞረደ ነገር ነበረው፤ በጥፍሬ ቀለሙን ስፍቀው ብየዳ ወጣ። ሻጩ ፊቱ አልተለወጠም፤ ወደ ጓዳ ገብቶ ያንኑ ዓይነት ሌላ ይዞ መጣ። ለምን መጀመሪያ እሱን እንዳላቀረበ አልጠየቅኩም።

ዳዶው ላይ ተከራከርን። ከጆንያው 16 ለቅሜ አወጣሁ፣ ሁሉንም በጣቴ ቡሎኑ ላይ እየሞከርኩ። ቆሞ ሲያየኝ የሰለቸው መሰለኝ፣ «ውሰደው ውሰደው» አለኝና በነፃ ሰጠኝ።

ፕላስቲክ ቀለበት አገኘሁ፣ ሞዞውን በብሩሽ ጠረግኩት፣ ባዶውን አስሬ አዞርኩት፣ ካሊፐሩን በሩቁ ነው የሚያልፈው። አሁን የቀረኝ ጎማ ነው። አንዱ ነጋዴ 185/60 አር 15 ግዛ ይለኛል፣ «ከፍ ያለ ጎን ለጉድጓድ ይሻልሃል» ብሎ። ሌላው 185/55 ይላል።

ጎሚስታ_ልጅ

ብራቮ። ብየዳዋን ማግኘትህ!

ኢንጅነሩ

ሒሳቡ እነሆ። ያሁኑ 175/65 አር 14 አጠቃላይ ቁመቱ 583 ሚሊ ነው። 185/55 አር 15 ቢሆን 584.5፣ ማለትም አንድ ናቸው፤ የፍጥነት መቁጠሪያህ አይዛባም። 185/60 አር 15 ቢሆን 603 ነው፣ ከ3 በመቶ በላይ ይረዝማል። መቁጠሪያህ 60 ሲልህ አንተ 62 ነህ። ያ አይገድልም። ግን የቪትዝ ሞተር ትንሽ ነው፤ በረዘመ ጎማ ከቀበና ወደ አራት ኪሎ ዳገት ስትወጣ ይሰማሃል። መሪ ሙሉ ሲዞርም የውስጡን ፕላስቲክ ሊነካ ይችላል።

የጉድጓዱ ነገር ግን እውነት አለው። 175/65 የጎን ቁመቱ 114 ሚሊ ገደማ ነበር፣ 185/55 ወደ 102 ይወርዳል። 12 ሚሊ ትራስ አጣህ። ኮብልስቶን ላይ ታውቀዋለህ።

ጋሽ_ላዳ

እኔ ብሆን 14ቱን ብረት አልለቅም ነበር። ብረት ሲጣመም በመዶሻ ይመለሳል፣ አሎይ ሲመታ ይሰነጠቃል። ግን ወጣት ነህ፣ መኪናህ ትመርልህ። 55ቱን ያዝና ነፋሱን አትርሳ፤ የጎደለ ነፋስ ነው አሎይን የሚገድለው።

ቪትዝ04

ጋሼ ምክርዎን ተቀበልኩ። 185/55 አስገባሁ። ጎሚስታው አየር መፍቻውን ሲያነሳ «በእጅ፣ ትይዩ ለትይዩ» ብዬ ለመንኩት፣ ዓይኑን አጉረጥርጦ እሺ አለኝ። እያንዳንዱ ዳዶ ከ8 ዙር በላይ ዞሮ ነው የጠበቀው። ቀለበት መንገድ ወጥቼ 80 ነዳኋት፣ መሪው አይመታም። ኮብልስቶን ላይ ግን ኢንጅነሩ እንዳለው ነው፣ ወገቤ ታውቆኛል።

ቶርኖው

100 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ መልሰህ አጥብቃቸው፤ አዲስ የታሰረ አሎይ ትንሽ ይቀመጣል። ስኮርታህ የብረቱ ቸርኬ ነው አይደል? አራት የድሮውን ሾጣጣ ዳዶና 21 ቁጥር መፍቻውን ስኮርታው ጋ አስቀምጥ። የሆንዳው ኳስ ዳዶ በብረቱ ቸርኬ ላይ እንዳታስር፣ ያው ችግር ነው በተቃራኒው። 19ኙንም አትርሳ፤ ያለሱ የተነፈሰውን ጎማ አትፈታውም።

ቪትዝ04

ሁለቱንም መፍቻ ከኋላ ስኮርታው ጋ አስገባሁ። የቀሩት ሦስት የብረት ቸርኬዎች ይሸጣሉ፣ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ንጹህ ናቸው፣ አንዳቸውም አልተበየዱም።

ዲኤክስ_ሰንጋተራ

ለዲኤክስ (ለድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ) ይሆናሉ? አባቴ አንድ ጥሩ ስኮርታ ይፈልጋል።

ጎሚስታ_ልጅ

አይሆንም። ዲኤክስ 4 በ 114.3 ነው።